አንድ ጎማ ወይስ አራት

አክስቴን የመናኸሪያ ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ወይዘሮ ፍሬን» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮች ሲሆኑ፣ ምክንያታቸውም ሌላው ነዳጅ በሚረግጥበት ቦታ ሁሉ እርሷ ፍሬን ስለምትይዝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስትሰማው ፊቷ ይለዋወጥ ነበር። ኋላ ግን ራሷ ስልክ ስታነሣ «አቤት፣ ፍሬን ነኝ» ማለት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ የርሷ ሆነ፣ ያወጡላት ሰዎችም ጣዕሙ ጠፋባቸው።

ባሏ በሕይወት ሳለ መሪ ጨብጣ አታውቅም። እርሱ ሲያርፍ የተወላት ስምንት ሰው የምትጭን አንዲት የተራራ መኪና ነበረች። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ሽጪያትና ሱቅ ክፈቺ» ሲላት አንገቷን ደፍታ አዳመጠች፤ በማግስቱ ማሠልጠኛ ገብታ የልጆቿ እኩያ ከሆኑ ጎረምሶች ጋር ተሰለፈች። መንጃ ፈቃዱን ያገኘችው በሁለተኛው ፈተና ነው። የወደቀችበትን የመጀመሪያውን ፈተና ስትተርክ «ፈታኙ ፈርቶ ነው» ትላለች።

ከተራራው ወዲህ ያለችው ከተማችን የኩላሊት እጥበት ማሽን የላትም፤ ያለው ከተራራው ወዲያ ባለው ሆስፒታል ነው። አክስቴ በሳምንት ሦስት ቀን ሕመምተኞችን ጠዋት ታደርሳለች፤ ሲጨርሱ ደግሞ ትመልሳለች። ማሽኑ ጥቂት፣ ተጠባባቂው ብዙ ስለሆነ፣ ተራው የደረሰ ሰው እስከ ስድስት ሰዓት ካልተገኘ ቦታው በር ላይ ለሚጠብቅ ለሌላ ይሰጣል። በዚህ ደንብ ማንም አይቆጣም፤ ዛሬ ቦታው የተወሰደበት ሰው፣ አንድ ቀን እርሱም በሌላ ሰው ቦታ ተኝቶ ያውቃልና።

ይህን ሥራ አክስቴ ያገኘችው ሌላ ሾፌር ሲነጠቀው ነው። በፊት ሕመምተኞቹን ያመላልስ የነበረው «ሻለቃ» የሚባል ሰው ነበር፤ ማዕረጉ ከአካሄዱ የመጣ እንጂ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ባለፈው የዝናብ ወቅት መኪናው ተራራው ላይ ከነሕመምተኞቹ ቆመች፤ ሆስፒታሉም ሥራውን ለአክስቴ ሰጠ። ከዚያ ጀምሮ ሁለቱ በመንገድ ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን ያላየ ይመስል ነበር።

ስለ ጎማዎቿ ያላት ጥንቃቄ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። አራት ጎማ ስትገዛ አምስተኛውን አብራ ገዛችና፣ ተጠባባቂ ስኮርታ ይሁን ብላ በሸራ ጠቅልላ ከኋላ በር ላይ ቆለፈችው። አራቱ ተራራውን ሲወጡ ሲወርዱ ጥርሳቸው አለቀ፤ አምስተኛው መሬት ሳይነካ ቀረ። «ለክፉ ቀን የሚሆነው ጥሩው ነው፤ ያለቀውንማ በደኅና ቀን ልንዳው» ትል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ልክ ነሽ ይላት ነበር።

ያን ዕለት እረፍት ላይ ስለነበርኩ አብሬያት ተሳፈርኩ። ከኋላችን ሁለት ሕመምተኞች ነበሩ። አንደኛው በጡረታ የሚኖሩ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊዋ ልጇ ታሞባት የባለፈውን ተራዋን ሳትሄድ ቀርታለች። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ትተነፍሳለች።

«ትንሽ ነው የቀረን እህቴ» ትላታለች አክስቴ በመስታወቱ እያየቻት።

«እኔን ተይኝ... መንገዱን እዪ» ትላታለች ልብስ ሰፊዋ።

መንገዱን እያየች ነበር። ሆኖም ከተራራው ሥር ባለችው ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ መንገድ ሠሪዎች የተዉት የብረት ጫፍ ከጭቃው ወጥቶ ኖሮ፣ ከፊት የቀኙን ጎማ ጎኑን ሰነጠቀው። ፍንዳታ አልነበረም፤ ረጅም፣ የደከመው ሰው የሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። መኪናዋም ወደ ቀኝ ዘመም አለች።

የከተማዋ ጎሚስታ ሱቅ ከቆመንበት ብዙም አይርቅም ነበር፤ እየተንገጫገጭን ደረስን። ሱቁ በሩ የተቀደደ አሮጌ ኮንቴይነር ነው። ደጁ ላይ ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል፣ ሁለት ክሪክ፣ ጎማ መፈልቀቂያ ብረቶች፣ እየተንቀጠቀጠ የሚሠራ የንፋስ መሙያ ሞተር ይታያል። ባለቤቱን ራሱን «ንፋስ» ይሉታል። ጎማውን ጎንበስ ብሎ አየ፣ በተሰነጠቀው በኩል ጣቱን አስገባ፣ አወጣው።

«ጎኑ ነው እትዬ። ከታች ቢሆን እለጥፍልሽ ነበር። ይሄን በቃ፣ አበባ ትከይበት።»

«አበባውን በኋላ። አሁን ስኮርታዬን አውርድልኝ» አለች አክስቴ፣ ቁልፉን ከአንገቷ እያወጣች።

ሸራው ሲገለጥ ጎማው ገና ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር፤ በጎኖቹ ላይ ያሉት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች እንኳ አልተነኩም። ጎሚስታው ንፋስ ፉጨት አሰማ። መምህሩ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ይሄማ ለእንግዳ የሚቀርብ ነው» አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎማው ቦታውን ያዘ፤ አክስቴ ብሎኖቹን በራሷ እጅ እያጠበቀች ነበር። ጠዋቱ ገና አልገፋም፤ ጊዜ ነበረን።

ያኔ ነው ከኮንቴይነሩ ጥግ፣ ከአግዳሚው ላይ፣ አንድ ድምፅ የመጣው።

«በዚህ ነው የምትወጪው?»

ሻለቃ ነበር። ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ከጀርባው፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ የርሱ መኪና በድንጋይ ላይ ቆማለች፤ የአክስቴ መኪና እህት ናት፤ ሥሪታቸው አንድ ነው፣ ልዩነታቸው ቀለም ብቻ። ጎማዎቿ ፀሐይ እንዳይሰነጥቃቸው ወልቀው፣ ከነብረት ቸርኬያቸው በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተደግፈዋል።

አክስቴ ቀና አላለችም። «በምን ልውጣ፣ በክንፍ?»

«ሦስቱ ያለቁ፣ አንዱ አዲስ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ትቆሚያለሽ።»

«አመሰግናለሁ። ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ።»

«ስሚኝማ ሴትዮ። አዲሱ ትልቅ ነው፤ ያለቁት ሲበሉ አንሰዋል። ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ከአንድ በላይ መዞር አለበት። የኔም ያንቺም መኪና አራቱን በአንድ ላይ ነው የሚጎትቱት፣ ሁልጊዜ። መሃል ያለው ኃይል አከፋፋይ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ያንን ልዩነት ሲያስታርቅ ሲያስታርቅ ይግላል። ሜዳ ላይ ይችለዋል። ዳገት ላይ ይነድዳል።»

ንፋስ ክሪኩን እያወረደ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አላለፈም። «ኧረ ተው ጋሼ ሻለቃ! ታዲያ ስኮርታ ለምን ተሠራ?»

«ጎሚስታ ጋ ለመድረስ። ደርሳለች።»

አክስቴ መፍቻውን ይዛ ተነሣች። ፊቷ ላይ ያነበብኩትን ማንም ሊያነበው ይችል ነበር፦ ዛሬ ሕመምተኞቹን ካላደረሰች ሆስፒታሉ ሌላ ሾፌር ይፈልጋል፤ ያ ሌላ ሾፌር ማን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

«ያንተ መኪና ዘይት አፍስሳ ነው የነደደችው» አለችው። «አንተው ነህ ያወራኸው። አገር የሰማው ይሄንን ነው።»

ሻለቃ ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። «ለሰው ያልኩት እሱን ነው።»

«አሁን ታዲያ ለኔ የምትለው ሌላ ነው?»

«አንድ ጎማ ተቀደደብኝ። ከዚሁ ሱቅ አንድ አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። ሌሎቹ ገና ይሠራሉ አልኩ። አንድ ብቻ።» ጣቱን ወደ ንፋስ አላነሣም፤ ዓይኑ ግን ሄደ።

ንፋስ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። «እኔ የሸጥኩልህ ጎማ ነው! ዲፈረንሻል አልሸጥኩልህም!»

«አንተን ምን አልኩ?»

«አይ፣ እንዲያው ከወዲሁ ልንገርህ ብዬ ነው።»

አክስቴ ወደ መኪናዋ ዞራ መምህሩን ጠየቀች። «መምህር፣ እርስዎ ያን ቀን ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ ልጄ። ከኋላ ወንበር። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ሻለቃ ከሜዳው ነው አለን። ቀጥሎ ከሥራችን ወፍጮ የገባ መሰለ። ከዚያ እስኪመሽ ጭጋግ ስናይ ዋልን።» ጥቂት አሰቡ። «ምክንያቱን ግን አላውቅም። ሽታውን ነው የማውቀው።»

ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ አስደግፋ ነበር። ቀና ብላ መቀመጥ አቅቷት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አክስቴም አየቻት። ከኪሷ ስልኳን አወጣች፤ ከዚህ በኋላ ተራራው ላይ የስልክ ኔትወርክ እንደማይሠራ ታውቃለች። ነርሷ ስታነሣ የምንሰማው ግማሹን ብቻ ነበር፤ ግማሹ ግን ይበቃ ነበር።

«ልትዘገይ ትችላለች... አውቃለሁ... አብጣለች፣ አዎ፣ ትንፋሽ አጥሯታል... እስከ ስድስት? ከዚያ በኋላስ?... ገባኝ።»

ስልኩን ዘጋች። «ከስድስት በኋላ እኔም ብፈልግ ከእጄ ይወጣል አለችኝ» አለች ለማንም ሳይሆን።

ከዚህ ወዲያ የምታደርገውን ለመገመት ብዙ መድከም አያስፈልግም ነበር፤ ብዙ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ጎማው አዲስ ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ የሚያስፈራራት ሰው ደግሞ በርሷ መቅረት የሚጠቀም ነው። እኔ ራሴ እንሂድ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እርሷ ግን የሰውየውን ነገር ለማመንም ላለማመንም ቃሉን አልፈለገችም።

«ጠመኔ አለህ?» አለችው ንፋስን።

በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ፣ መሬቱን በሚነኩበት ነጥብ፣ በጠመኔ አንዳንድ መስመር አሰመረች። እኔን በግራ፣ ንፋስን በቀኝ በኩል አቆመችን። «አብራችሁኝ ሂዱ። የግራው መስመር መሬት በነካ ቁጥር እጅሽን አንሺ፤ አንተ ደግሞ የቀኙ የት እንዳለ እይ» አለችን። ሕመምተኞቹ እንደተቀመጡ መኪናዋን በሱቁ ፊት ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በእርምጃ ነዳቻት።

በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ መስመሮች አብረው ወረዱ። ንፋስ በድል አድራጊነት ወደ ሻለቃ ዞረ። በሁለተኛው የቀኙ ጥቂት ዘግየት አለ፤ ወይም መሰለኝ። በሦስተኛው መሰለኝ ማለት አልቻልኩም። መንገዱ ሊያልቅ ሲል እጄን ሳነሣ የግራው መስመር መሬት ላይ ነበር፤ የቀኙ ግን ዙሩን ሳይጨርስ ገና ወደ ጎን ቀርቷል።

አክስቴ ወርዳ አንዱን አየች። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞራ ሌላውን አየች። ተመልሳ የመጀመሪያውን አየች።

«ከዚህ እስከዚያ ድረስ ብቻ...» አለች፤ አልጨረሰችውም። መላውን ተራራ በአእምሮዋ ታዞረው እንደነበር አልጠራጠርም።

ሻለቃ ከአግዳሚው ሆኖ ዝም አለ። «አላልኩሽም?» ቢል ኖሮ ምናልባት ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

«አራቱንም ቀይር» አለች አክስቴ። «ይሄንን አስቀረው፤ ሦስት አምጣልኝ።»

ንፋስ ራሱን አከከ። «በዚህ ቁጥር ያለኝ ሁለት ነው እትዬ። ሌላው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።»

«ሁለት ብታስገባ ሦስት አዲስ፣ አንድ ያለቀ ይሆናል።»

«አዎ።»

«ያው ነው።»

«ያው ነው» አለ ንፋስ፣ በዚህ ጊዜ ሳይስቅ።

ከውስጥ ልብስ ሰፊዋን ሳል ያዛት። ደረቅ ሳል አልነበረም፤ ውሃ ያለበት ሳል ነበር፤ ካቆመም በኋላ ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ድምፅ ያሰማ ነበር። መምህሩ መሐረባቸውን ሰጧትና «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ማለት ጀመሩ። ደጋግመው ስላሉት ምንም እንዳልሆነ ማመን አቃተን።

የአክስቴ ዓይን ከመኪናዋ ተነሥቶ በበርሜሉ፣ በሞተሩ፣ በኮንቴይነሩ ላይ አለፈና በጥላው ሥር በተደገፉት አራት ጎማዎች ላይ ቆመ። ሁላችንም የት እንደምታይ አየን፤ ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ሌላ አዞርን። አክስቴ ሰው ለምና አታውቅም። ባሏ በሞተ ሳምንት እንኳ ጎረቤት ያመጣላትን ወንበር ስትመልስ አጥባ ነበር የመለሰችው። አሁን የምትለምነው ደግሞ እንጀራውን ወርሳ የምትበላውን ሰው ነው።

ሄዳ ፊቱ ቆመች። መፍቻው አሁንም በእጇ ነበር።

«አንዱን ጎማህን ስጠኝ።»

«አልሰጥሽም» አለ ሻለቃ።

ንፋስ «እ?» አለ። አክስቴ አልተንቀሳቀሰችም።

«አንዱን አልሰጥሽም» አለ እንደገና፣ ጉልበቱን ይዞ እየተነሣ። «የኔዎቹ ካንቺዎቹ ያላለቁ ናቸው፤ ያንን አዲሱንም አውጥቼ ከሦስቱ እኩል በሆነ ተክቼዋለሁ። አንዱን ብታስገቢ ልዩነቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። እኔ የሰው መኪና ለማቃጠል አላበድርም። አራቱንም ውሰጂ።»

«አራቱንም?»

«ቸርኬያቸው ላይ ናቸው። መፍታት፣ ማሠር ነው። ጎማ መፈልቀቅ የለበትም።»

አክስቴ መፍቻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችው። «በምን ሒሳብ?»

«አሁን የሒሳብ ሰዓት ነው?»

«ሳልነጋገር የሰው ዕቃ አልወስድም።»

«ተነጋገርን እኮ! ሌላ ምን ላድርግልሽ፣ ልፈርም?» ጃኬቱን ከአግዳሚው አነሣ። «እኔም እሄዳለሁ። ጎማዎቼ ያለ እኔ ተራራ ወጥተው አያውቁም፤ ይፈራሉ።»

ያለፈቃዷ ሳቀች። አጭር ነበር፤ ወዲያው መልሳ ዋጠችው። «ክሪኩን አምጣ» አለች ንፋስን። «ሁለቱንም።»

ቀጥሎ የሆነው ሥራ ብቻ ነበር። ከፊት አንድ ክሪክ፣ ከኋላ አንድ ክሪክ። ሻለቃና ንፋስ ጎማዎቹን እያንከባለሉ ያመጣሉ፤ አክስቴ ትፈታለች። መምህሩ አልቀመጥም ብለው ወርደው ብሎኖቹን በባርኔጣቸው ይቀበላሉ፤ «ብሎን ጠፋ እንዳትሉኝ፣ እኔ ተማሪ ቆጥሬ ነው ያረጀሁት» ይላሉ። እኔ ልብስ ሰፊዋን ቀና አድርጌ ደግፌያለሁ። በቀጭኑ ልብሷ በኩል ልቧ ሲሮጥ ይሰማኛል።

ሁሉም ጎማ ገብቶ ሻለቃ የመጨረሻውን ሲያጠብቅ «በቃ፣ ተሳፈሩ» አለ። አክስቴ ግን መፍቻውን ተቀብላው፣ እርሱ ያጠበቀውን እያንዳንዱን ብሎን ከአንደኛው ጎማ ጀምራ እንደገና ሞከረች።

«ኧረ በሞቴ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«ይሂድ። ብሎኑ አብሮት እንዳይሄድ ነው።»

ሦስተኛው ጎማ ላይ አንዱ ብሎን ግማሽ ዙር ዞረላት። ሻለቃ አየና ክሪኮቹን ማንሣት ጀመረ።

ተራራው የሚጀምረው ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ቀጥሎ ነው። መንገዱ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ጭጋግ ነው፤ ከጭጋጉ ሥር ያለውን ማየት ለሾፌር አይጠቅመውም። ሻለቃ ከፊት ተቀምጧል፤ እኔ ከኋላ፣ ልብስ ሰፊዋ ትከሻዬ ላይ። ሻለቃ እጁ ባዶ ሆኖ ማርሽ ይለውጣል፣ እግሩ ባዶ ሆኖ ይረግጣል።

«ወደ ሁለት አውርጂ።»

«ማነው የሚነዳው?»

«አንቺ ነሽ። ወደ ሁለት አውርጂ።»

«ላወርድ ስል ተናገርክ። አሁን ባወርድ ያንተ ሆነ።» ጥቂት አሳለፈችና አወረደች።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፍን። ቀጥሎ ያለው ረጅም ዳገት ነው፤ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጎትታል። በመስታወቱ ውስጥ የአክስቴን ዓይኖች አያለሁ፤ ከመንገዱ ወደ ልብስ ሰፊዋ፣ ከልብስ ሰፊዋ ወደ ሰዓቱ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ሁለተኛው መታጠፊያ ከጭጋጉ ሲወጣ የሻለቃ ጀርባ ቀጥ አለ።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው።

የተቃጠለ፣ መራራ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። መምህሩ አየሩን አሸተቱና «ይሄ ነው» አሉ በቀስታ። አክስቴ ቀጥታ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጥታ ቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም። ሻለቃ በሩን ከፍቶ ከመውረዱ በፊት እርሷ ወርዳ ነበር፤ ሁለቱም በየበኩላቸው መኪናዋ ሥር በጭቃው ላይ ተኙ። የሚታየኝ አራት እግር ብቻ ነበር።

«በእጅሽ ጀርባ! በመዳፍሽ እንዳትነኪው፣ ቢግል ይጣበቃል!»

«ነካሁት።»

«እና?»

«አንተ ንካው።»

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዬ አጠገብ ትተነፍሳለች፤ እኔም ሳላውቅ ከርሷ ጋር መተንፈስ ጀምሬያለሁ።

«ለብ ብሏል» አለ ሻለቃ ከሥር። «ለብ ብቻ።»

«ሽታውስ?»

በዚህ ጊዜ መምህሩ መስኮቱን አውርደው ወደ ላይ ጠቆሙ። ከበላያችን ባለው ጎዳና ላይ፣ ጭጋጉ ሳሳ ባለበት፣ ድንጋይ የጫነ ከባድ መኪና ወደኛ እየወረደ ነበር፤ ከጎማዎቹ ሥር ጭስ ይወጣል። ፍሬኑን ሲያቃጥል ከላይ ጀምሮ መጥቷል። በአጠገባችን ሲያልፍ ሾፌሩ ሰላምታ ሰጠን። ሻለቃ ከጭቃው ውስጥ እጁን አነሣለት፤ ከዚያ በቀረው ትንፋሹ የሰደበው ስድብ እዚህ አይጻፍም።

ከዚያ ቦታ እስከ ሆስፒታሉ አክስቴ የነዳችውን አነዳድ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አልፈጠነችም። ግን በማያስፈልግ ቦታ አንድም ጊዜ አላቆመችም፤ መታጠፊያ ሁሉ ከመድረሷ በፊት የታወቀላት ይመስል ነበር። ሻለቃም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በሆስፒታሉ በር ስንገባ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከደረጃው ፊት ለፊት፣ በአምቡላንስ ቦታ ላይ፣ ገጭ አድርጋ አቆመች። ሻለቃ ልብስ ሰፊዋን አቅፎ አወረዳት፤ ባለ ጎማ ወንበር እስኪመጣ አልጠበቀም። መምህሩ ከኋላው ይሮጣሉ፣ ወይም በርሳቸው ዕድሜ ሩጫ የሚባለውን ያደርጋሉ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

አክስቴ ከደረጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ልብሷ ከአንገት እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

«ሴትዮ!» አለ የበሩ ጥበቃ ከሩቅ። «ይሄ የአምቡላንስ ቦታ ነው! መኪናሽን አንሺ!»

«አምቡላንስ ሲመጣ አነሣለሁ።»

«ሕግ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ ወንድሜ።» ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

ሻለቃ ወጥቶ ከአግዳሚው ሌላ ጫፍ ተቀመጠ። «ነርሷ ከውስጥ ዘግታብኛለች» አለ። «ምንም አትናገርም።»

ጥበቃው እንደገና ጮኸ።

«ነገ ጎማዎችህን እመልሳለሁ» አለች አክስቴ። «ለንፋስ ደውዬ የራሴን አዝዛለሁ።»

«አትቸኩዪ። መኪናዬ ዲፈረንሻሉ እስኪገኝ የትም አትሄድም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ንገረኝ። ዝም ያልክ እንደሆነ ሌሊት አልተኛም።»

ሻለቃ እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቅ ነበር። «ጠዋት ስነሣ የማደርሰው ሰው እንዲኖረኝ» አለ። «ሌላ ምንም የለኝም።»

አክስቴ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች፤ ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ወዲያ ምን ላይ እንዳለች ሳታውቅ ለማንም ምንም ቃል መግባት የምትችል ሰው አይደለችም።

በሩ ሲከፈት ሦስታችንም ቆምን። ነርሷ ወጣት ናት፤ ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳ መጀመሪያ ጭቃውን፣ ቀጥሎ ፊታችንን አየች።

«ቦታዋን ለሌላ ከመስጠቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ስሟን ስጠራ ነው የገቡት» አለች። «ማሽኑ ላይ ናት። ብዙ ውሃ ይዛለች፤ ከሌላው ቀን ትቆያለች። ግን ትንፋሿ እየተመለሰ ነው።»

«ትናገራለች?» አለች አክስቴ።

«ትናገራለች። ቀሚስሽ ትከሻው ላይ ተበላሽቶ ነው የተሰፋው አለችኝ፤ ስትድን ልታስተካክልልኝ ነው።»

አክስቴ ጭቃ የደረቀበትን እጅጌዋን ፊቷ ላይ አሳለፈች። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ዓርብ ዓርብ አንተ ትነዳለህ» አለች። «መኪናህ እስክትነሣ በኔ መኪና። ከዚያ በኋላ በራስህ።»

«ሆስፒታሉስ?»

«ለሆስፒታሉ እኔ እነግራለሁ።»

«ሴትዮ!» ጥበቃው አሁን አጠገባችን ደርሷል፤ ፊቱ ቀልቷል። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምነግርሽ!»

አክስቴ የመኪናዋን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣችና ወደ ሻለቃ ዘረጋችለት። ሻለቃ ቁልፉን አየ፣ እርሷን አየ፣ ተቀበለ። መኪናዋ ተነሥታ ቀስ ብላ ከደረጃው ስትርቅ ድምፅዋ ይሰማን ነበር። ከባሏ ሞት ወዲህ ያቺን መኪና ሌላ ሰው ሲነዳት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር፤ አክስቴ ግን ዞራ አላየችም። ልብስ ሰፊዋ የተኛችበትን መስኮት ከሌሎቹ መስኮቶች ለመለየት እየሞከረች ነበር።